ያቋረጠው ትምህርት ቤት

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ፣ ሕልም አየሁ።

ወደ ሩዝ መፈልፈያው እየሄድኩ ነበር። የአሥረኛ ቢ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ከስልሳ ሦስት ተማሪዎቼ አንዷ፣ አርባ አንድ ቁጥር፣ ትብለጥ፣ ከቀረች አሥራ አራት ቀን ሆኗት ነበር። መፈልፈያው ቤት ሩዝ ስታበጥር አየናት አሉኝ። በእኛ ትምህርት ቤት አሥራ አምስት ቀን የቀረ ተማሪ ስሙ በቀይ ይሰረዛል። የተሰረዘ ተማሪ ለከርሞ እንደ አዲስ መመዝገብ ይችላል ይባላል፤ የተመዘገበ ግን እስካሁን አላየሁም። ርዕሰ መምህሩ ጋሽ እንየው፣ "ለዛሬ ታግሼሃለሁ፤ ነገ ጠዋት ግን ቀዩን እስክሪብቶ አነሳለሁ" ብለውኛል።

ትብለጥ የምትጠይቅ ልጅ ነበረች። ሌሎቹ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ዝም ብለው ይገለብጣሉ፤ እሷ ግን "ቲቸር፣ ለምን?" ትላለች። እኔ ሰው ፊት ቀና ብዬ ማየት ይከብደኛል። ሳስተምር የማየው ሰሌዳውን ነው። ስም ስጠራ የማየው መዝገቡን ነው፤ እሱንም ስልሳ ሦስት ስም ጊዜ ይፈጃል ብዬ በቁጥር ነው የምጠራው። ቁጥር እጠራለሁ፣ "አቤት" የሚል ድምፅ ይመጣል፣ በጥንቃቄ ጭረት አደርጋለሁ። ያቺ "ለምን" ከጀርባዬ ስትመጣ ብቻ ዞር እል ነበር። ትብለጥ ከቀረች ወዲህ ዞሬ አላውቅም።

ባጃጁ ይንገጫገጫል። የመጋቢት ሙቀት ሰው ያዝላል። ሾፌሩ ለአቧራው ብሎ ፊቱን እስከ ዓይኑ በሻሽ ጠቅልሏል። እኔ መዝገቡን ታቅፌ ከኋላ ተቀምጫለሁ። አስፋልቱ አልቆ ፒስታው ሲጀምር ዓይኔ ተከደነ።

ከባጃጁ ስወርድ የትምህርት ቤታችን በር ላይ ነበርኩ። በሩ አለ፤ ትምህርት ቤቱ የለም። ሰማያዊው የቆርቆሮ በር ለምለም የሩዝ ማሳ መሀል ብቻውን ቆሟል። ግራና ቀኙ አጥር የለውም፤ ሰዉ ግን ሁሉ ተሰልፎ በበሩ ነው የሚያልፈው። ፊሽካ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ታስገባለች፣ ትመልሳለች።

"አንተ! ና እዚህ!" አለችኝ።

"አቤት፣ እትዬ።"

"ዩኒፎርምህ ለምን አልተተኮሰም?"

ወደ ታች አየሁ። የተማሪ ዩኒፎርም ለብሻለሁ፤ ሱሪው አጥሮኝ ቁርጭምጭሚቴ ወጥቷል።

"መብራት ጠፍቶ ነው።"

"የሁላችሁም መብራት ነው የሚጠፋው! ሂድ፣ ከጓደኞችህ ጋር ተንበርከክ።"

ጓደኞቼ መምህራኑ ነበሩ። በሙሉ ጠጠር ላይ ተንበርክከዋል። ጋሽ እንየው ሁለት ጆሯቸውን ይዘው ከዳር ነበሩ። ክራባት ያሰረ አንድ ተማሪ ከፊታቸው ይንጎራደዳል።

"ለምን ቀረህ?" አላቸው።

"ስብሰባ ነበረብኝ፣ ጌታዬ።"

"ባለፈው ሳምንትስ?"

"ያኔ ደግሞ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ የምናጸድቅበት ስብሰባ ነበረብኝ።"

"ወላጅ አምጣ።"

"እናቴ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል፤ መራመድ አይችሉም።"

"አዝለህ አምጣቸው።"

ጋሽ እንየው ተነስተው ሄዱ። ወዲያው እናታቸውን አዝለው ተመለሱ። አሮጊቷ ከጀርባቸው ላይ ሆነው መላጣቸውን በመዳፋቸው ይመቷቸዋል። "ቤት ሲመጣ እኮ 'ትምህርት ቤት ውዬ መጣሁ' ነው የሚለኝ! እኔ ምን አውቄ!" እያሉ ለተማሪው ያማርራሉ።

አጠገቤ የተንበረከከውን የኬሚስትሪ መምህር በክርኔ ነካሁት። "ትምህርት ቤቱ የት ሄደ?"

"አልሰማህም እንዴ? አቋረጠ እኮ።"

"ማን?"

"ትምህርት ቤቱ ነዋ! ቤተ መጻሕፍቱ ከተማ ገባ። ደህና ነኝ፣ ሥራ አግኝቻለሁ ብሎ በሰው ስልክ ደውሏል፤ ምን ሥራ እንደሆነ ግን አይናገርም። ደወሏን ደግሞ ዳሯት።"

ደወላችን ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። "ማን አገባት?" አልኩ።

"አንድ ጋራዥ ያለው ሰውዬ። ዕድሜዋ አልደረሰም ብለን ጮኸን ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምጿን የሰማ የለም።"

"ቤተ ሙከራውስ?"

"እሱ ድሮስ መቼ ገብቶ ያውቃል?"

"የመማሪያ ክፍሎቹስ?"

"ሩዝ መፈልፈያው ቤት ጆንያ ይሸከማሉ።"

ከዚያ አዳራሽ ውስጥ ነበርን። ከመድረኩ በላይ "ያቋረጡ ትምህርት ቤቶችን ወደ ተማሪዎቻቸው የመመለስ ንቅናቄ" የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል። ተማሪዎቹ ለየራሳቸው የታሸገ ውኃ ይዘው ተደርድረዋል፤ እኛ መምህራኑ ከኋላ መሬት ላይ ተቀምጠናል። የመድረኩ ሰብሳቢ ትብለጥ ነበረች። ልጠራት ፈለግሁ፤ ግን እጄን ሳላወጣ መናገር ፈራሁ።

አንዱ ተነስቶ፣ "ትምህርት ቤቱ የግንዛቤ እጥረት አለበት፤ ግንዛቤ እናስጨብጠው" አለ። ተጨበጨበ።

ሌላው፣ "ጠመኔ እንርዳው። ጠመኔውን ስንሰጠውም ፎቶ እንነሳ" አለ። ከፊተኛው በላይ ተጨበጨበ።

ትብለጥ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶዋ መታ መታ አደረገች። "ለምን እንደቀረ የጠየቀው ሰው አለ?"

የውኃ ክዳን ሲከፈት ተሰማ።

"ማንም አልጠየቀውም?" አለች። ከዚያ በሰዉ ሁሉ መሀል ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። "እሱ ይሂድ። እሱ ሲጠየቅ ዞር ይላል።"

ፊሽካ ያንጠለጠለችው ልጅ ከበሩ በኩል ጮኸች። "አይሄድም! መጀመሪያ ወላጁን ያምጣ!"

እናቴ የሞተችው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ነው። ይህንን ልነግራት ነበር፤ አፌ ግን እምቢ አለኝ፤ በሕልሙ ውስጥ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር አልነበረም። ወላጅ ፍለጋ ወጣሁ።

ሩቅ አልሄድኩም። ሩዙ መሀል፣ ውኃው ውስጥ፣ ዴስኮች በረድፍ ቆመዋል። ሦስተኛው ዴስክ ላይ እናቴ ተቀምጣለች። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ፀጉሯ ሹሩባ ተሠርቷል፤ እግሯ መሬት አይነካም፤ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። ደብተሩን አወቅሁት። እናቴ ከሰባተኛ ክፍል ነው የቀረችው። ያ ደብተር ሳጥኗ ውስጥ፣ ከክርስትና ልብሴ ሥር፣ ተጠቅልሎ ይኖር ነበር። የመጨረሻው ገጽ ላይ "የዓለም ረጃጅም ወንዞች፦ አንደኛ፣ ዓባይ። ሁለተኛ፣" ይላል። ከዚያ ባዶ ነው። ለምን እንደቀረች በሕይወት ሳለች ጠይቄያት አላውቅም።

"እምዬ" አልኳት።

ቀና አለች። "ማን ነህ?"

"ልጅሽ ነኝ። ወላጅ አምጣ ብለውኝ ነው።"

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። አጭሩን ሱሪዬን ስታይ ሳቋ አመለጣት። "እኔ ገና ተማሪ ነኝ፤ ወላጅ አልሆንኩም። ቁጭ ብለህ ጠብቅ።"

"እስከ መቼ?"

"እስክጨርስ ነዋ። ስጨርስ እወልድሃለሁ።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዴስኩ ለሦስት ሰው የተሠራ ነው፤ አንዱ ቦታ ባዶ ቀረ። እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። ሁለተኛው ወንዝ ማን እንደሆነ ልነግራት ስል፣ "አትንገረኝ! መምህሩ ይመጣል" አለችኝ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ ሰው ጠብቄ አላውቅም። ክርኗ ክርኔን ይነካል። ሳልወለድ ብቀርም ግድ አልነበረኝም፤ ብቻ እሷ ትጨርስ። እየቆየሁ ድፍረት አገኘሁ፤ ያኔ ለምን እንደቀረች ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ።

ፊሽካው ተነፋ።

"ስም መጥሪያ!"

የማሳው ዳር ላይ የመማሪያ ክፍሎቹ መጥተው ቆመዋል። እያንዳንዱ ክፍል ጣሪያው ላይ ጆንያ ተሸክሟል፤ መስኮቶቻቸው በእብቅ ነጥተዋል። ለመግባትም ለመመለስም ያልወሰነ ሰው እንደሚቆም ነው የቆሙት። ትብለጥ መዝገቤን ደረቷ ላይ አቅፋለች።

"ጠይቀናቸው ነበር" አለችኝ። "የሚያውቀን ሰው የለም ብለን ነው የቀረነው አሉ። መምህሩ መዝገብ ሳያይ የተቀመጡብንን ልጆች በስማቸው ከጠራ እንገባለን ብለዋል።"

ይህ ለእኔ ቀላል ነበር። ያንን መዝገብ በእጄ ነው የጻፍኩት፤ አንድ ስርዝ የለበትም። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"አንድ ቁጥር!"

"ቁጥር አልተባለም!" አለች ባለፊሽካዋ። "ስም!"

"ሙሉዓዳም" አልኩ።

"አቤት!" የሚል መጣ፤ አንዱ ክፍል ጆንያውን አወረደ።

"ምንይችል። ሰጠኝ። ሽታዬ።" ጆንያዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ከኋላዬ እናቴ ለእያንዳንዱ ስም ታጨበጭባለች። አርባ አንድ ላይ ደርሼ "ትብለጥ!" ስል፣ ትብለጥ መዝገቡን እንዳቀፈች "አቤት!" ብላ ሳቀች። ከቀረች ወዲህ ያጣሁት ድምፅ ይሄው ነበር። "አንሙት። አዝመራው። አዱኛ።" ሃምሳን አለፍኩ። "ወርቅያ!"

ከዚያ ሃምሳ ሁለት ላይ ደረስኩ።

ስሙ የለም። መልኩን ፈለግሁ፤ መልክም የለም። የሚታየኝ ረድፉ ብቻ ነው፤ ጭረቶቼ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ቀጥ ያሉ፣ እኩል የተራራቁ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይዘሉ።

"አቤት!" አለ የቆርቆሮው በር።

"አቤት!" አለ ሩዙ። ጋሽ እንየውም ጆሯቸውን እንደያዙ፣ እናታቸውን እንዳዘሉ፣ "አቤት!" አሉ። ድምፁ ግን የሁሉም አንድ ነበር፤ ቀጭን፣ ፈጠን ያለ፣ በየቀኑ የምሰማው።

"አቤት ተብሏል" አልኩ። "ጭረት አድርጉበት።"

ትብለጥ መዝገቡን አወረደች። ሕልሙን ሙሉ "እሱ" ያለችኝ ልጅ ድምጿ ተለወጠ። "ቲቸር፣" አለችኝ፣ "አቤት ያለው ማን ነው?"

ክፍሎቹ አጎንብሰው ጆንያቸውን መልሰው አነሱ። አንድ በአንድ ዞረው መሄድ ጀመሩ። እናቴም ደብተሯን ከደነች፤ ከዴስኩ ወርዳ ከእነሱ ኋላ ውኃው ውስጥ ገባች።

"እምዬ፣ ቆይ! ለምን..."

"ቲቸር፣ ደርሰናል።"

ነቃሁ። የመፈልፈያው ሞተር ያጓራል፤ እብቁ አየር ላይ ይበናል። ሾፌሩ ሻሹን ከፊቱ አውርዶ በስፖኪዮው ያየኛል። ገና ጢም እንኳ በቅጡ አላበቀለም።

"ተኝተው ነበር" አለኝ። "እንዳልቀሰቅስዎ ጉድጓዱን ሁሉ እየዞርኩ ነው ያመጣሁዎት።"

"ታውቀኛለህ እንዴ?"

"ውይ ቲቸር! አሥረኛ ቢ ነኝ እኮ። ሃምሳ ሁለት ቁጥር።"

መዝገቡን ጭኔ ላይ ያዝኩት። "ሃምሳ ሁለት ቁጥር ዛሬ ጠዋት ክፍል ነበር" አልኩ። "ቀርቶ አያውቅም።"

አንገቱን አከከ። "ከጥምቀት ወዲህ አልገባሁም። 'አቤት' የሚልልኝ ውባንተ ነው፣ ሃምሳ ሦስት ቁጥር። እንዳይቆጡት፣ እኔ ነኝ የለመንኩት። አንድ ቀን ብመለስ ብዬ... ስሜ እንዳይሰረዝ።" ዓይኑን ወደ መፈልፈያው በር ወረወረ። "ትብለጥን ሊወስዷት ነው አይደል? እሷ 'አቤት' የሚልላት አላገኘችም። ስትመለሱ እኔ አደርሳችኋለሁ፤ እስከ በሩ ድረስ።"

"እስከ በሩ ብቻ?"

"እስከ በሩ" አለና የባጃጁን መሪ በመዳፉ ጠረገ።

መዝገቡን ልገልጥ ነበር። ስሙ እዚያ እንዳለ አውቃለሁ፤ በእጄ ነው የጻፍኩት። ሳልገልጠው ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት።

"ስምህ ማን ነው?"

የቀለድኩ መስሎት ፈገግ አለ። እንዳልቀለድኩ ሲያውቅ ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ። "ዋለልኝ" አለ።

"ዋለልኝ" አልኩ።

ከጀርባዬ የሰፌድ ድምፅ ቆመ።

"ቲቸር፣ ለምን መጡ?"

ዞርኩ።