የጠዋት መቀነት

ደብረ ታቦር ውስጥ በሽታን መደበቅ ይቻል ይሆናል፤ ከመድኃኒት አዋቂ ማምለጥ ግን አይቻልም። እስቲ «እጄን አመመኝ» ብላችሁ ገበያ ውጡ። ጤፍ ሻጯ ፌጦ ታዝዝላችኋለች፣ ከገሳይ የመጣው በቅሎ ነጋዴ ወጌሻ ይጠቁማችኋል፣ የቀረው ሕዝብ ደግሞ «የጉና ብርድ ነው» ብሎ ይደመድማል። ምስኪን የጉና ተራራ! ያልተላከከበት ነገር የለም።

እኛም የባለቤቴን የማንጠግቦሽን እጅ ጉና ላይ አላክከን ሁለት ዓመት ኖርን። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አብጠውና ግትር ብለው ትነሣለች፤ የሚለቃት ረፋዱ ላይ ነው። ጠበል ተጠመቀች፣ ወጌሻም አሻት። እስኪለቃት ድረስ መቀነቷን ወገቧ ላይ ጠምጥሜ ጫፉን የምሸጉጥላት እኔ ነበርኩ። በር ዘግቼ ነው ታዲያ። ባል የሚስቱን መቀነት ፈታ ሲባል እንጂ አሰረ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ጣጣው መሥሪያ ቤት ነበር። ጊዜው የደርግ ነው፤ እኔ የእርሻ ቢሮ ጸሐፊ ነኝ፤ ሰኞ ጠዋት ውይይት አለ፤ ውይይቱን የሚመራው ደግሞ ወገቡ ላይ ሽጉጥ የማይለየው ሊቀመንበራችን ነው። ዘግይቼ በገባሁ ቁጥር «ጓድ፣ ለምን ዘገየህ?» ይለኛል። «ሰዓቴ ቆሞ» እላለሁ። ሰዓት እንደሌለኝ ያውቃል። እያደር መዘግየቴ «የአድኃሪ ዝንባሌ» ተባለ፤ በዚያ ዘመን በዚህ ስም መጠራት ቀልድ አልነበረም።

አንድ ቀን ብነቃ ማንጠግቦሽ መቀነቷን ታጥቃ ቆማለች። ራሷ! በማግሥቱም እንደዚያው። ፌጦ ያዘዘችው በፌጦዋ፣ ወጌሻው በእጁ ኮሩ። ወር ቆይቶ እርጉዝ መሆኗ ታወቀ። ለክትትል ጤና ጣቢያ ስንሄድ ነገሩን ለሲስተሯ አጫወትናት። ዕድሜዋ የገፋ፣ ንግግሯ ቁጥብ ሴት ናት።

«ይህ ብርድ አይደለም» አለች። «ሰውነት የገዛ ወገኑን ጠላት ነው ብሎ ሲወጋ የሚመጣ በሽታ ነው።»

ሳላስበው ተነሥቼ በሩን ዘጋሁ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር በር ተከፍቶ አይወራም ነበር።

ሲስተሯ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቀጠለች። «ሲያረግዙ ግን፣ እንግዳውን ልጅ እንዳይወጋ ይመስላል፣ ብዙዎቹ ላይ ትጥቁን ይፈታል። ከወለድሽ በኋላ ተመልሶ ሊነሣ ይችላል። ያኔ ልጁን ገደ ቢስ እንዳትሉት፤ ቶሎ ኑ፣ መድኃኒት አለው።»

«ልጄን ማቀፍ ቢያቅተኝስ?» አለች ማንጠግቦሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መውለጃዋን እየናፈቅንም እየፈራንም ከረምን።

ወንድ ልጅ ተወለደ። ክርስትና በተነሣ በሳምንቱ ጣቶቿ አበጡ። አንድ ጠዋት ልታነሣው ስትል ከእጇ አምልጧት ፍራሹ ላይ ተመልሶ ወደቀ። እሱ እንኳ አልነቃም፤ ያለቀስነው እኛ ነን። ጎረቤት «የልጁ ገድ ነው» ማለት ሲጀምር እኛ ጤና ጣቢያ ደርሰን ነበር። መድኃኒቱ በአንድ ቀን አልሠራም፤ ውሎ አድሮ ግን ጣቶቿን አላቀቀላቸው። በጠዋት ልጇን አቅፋ ስታጠባው ያየሁ ቀን «እፎይ» ያልኩት ለሁለት ዓመቱም ጭምር ነው።

እዚያ እስክንደርስ ግን መቀነቱ ወደ እኔ ተመልሶ ነበርና፣ ሰኞ ዘገየሁ።

«ጓድ፣ ለምን ዘገየህ?»

መዋሸት ሰለቸኝ። «የሚስቴን መቀነት ሳስር» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ ብቻ አልሳቀም። ስብሰባው ሲበተን «አንተ ቆይ» አለኝና በሩን ዘጋ። ዓይኔ ሽጉጡ ላይ አረፈ።

«የኔም ባለቤት ጠዋት ጠዋት እጇ አይታዘዝላትም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ሳስርላት መንገድ ላይ ይፈታባታል። ጫፉን የት ነው የምትሸጉጠው?»

ሲስተሯ ያለችንን ነገርኩት፤ ጤና ጣቢያ እንዲወስዳት መከርኩት። የመቀነቱ ነገር ግን በቃል የሚነገር አይደለም፣ ወገብ ይፈልጋል አልኩት። ትንሽ አሰበ። ከዚያ ሽጉጡን ፈቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ክንዶቹን ከፍ አድርጎ ቆመ፤ እኔም የአንገት ልብሴን ወገቡ ላይ መጠምጠም ጀመርኩ።