ዞሮ ዞሮ ማሽን ነው

(የመሣሪያ መሸጫ ሱቅ። ደጃፉ ላይ ከተገዛች ስድስት ዓመት የሆናት አንዲት ጥቁር መኪና ቆማለች። ባለቤቷ የሁሉአወቅ ሚስት አባት ናቸው። ሁሉአወቅ ለምኖ አስለምኖ ከተዋሳት በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት አጥቤ ልመልስ ብሎ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ቢያሻት ኮፈኗ ድመት የተናደደበት መስሏል። አማትየው አስር ሰዓት ላይ ሊረከቧት ይመጣሉ። ይህን ካዩ ሁሉአወቅ የመኪናዋ ቁልፍ ቀርቶ ፊታቸውንም ዳግመኛ አያይም። እናም የሚስቱን ታናሽ ወንድም ዘገምን አስከትሎ ጭረት የሚያጠፋ መወልወያ ማሽን ፍለጋ መጥቷል። ዘገምን ዘገም ያለው ሰፈሩ ነው፤ ሁሉአወቅን ሁሉአወቅ ያለው ግን ራሱ ሁሉአወቅ ነው።)

ዘገም፦ ቆይ ቆይ፣ ማሽኑ ለድስቱ ነው ለመኪናዋ?

ሁሉአወቅ፦ ለመኪናዋ! ስንቴ ልንገርህ? ድስት የሚባል ነገር የለም!

ዘገም፦ ሽቦውስ የምን ነበር?

ሁሉአወቅ፦ የድስት።

ዘገም፦ አየህ፣ አለ።

ባለሱቁ፦ (ሁለት ማሽን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ) ይሄኛው ባለ አንድ ዙር ነው፤ ባለበት በኃይል ይሽከረከራል። ይሄ ደግሞ ባለ ሁለት ነው፤ እየተሽከረከረ ወዲያ ወዲህ ይላል። አንድ ቦታ ላይ ስለማይቆይ ቀለም አያቃጥልም። ለጀማሪ እሱ ይሻላል።

ሁሉአወቅ፦ ጀማሪ ማንን ነው?

ዘገም፦ (ጣቱን ቀስሮ) እሱን።

ሁሉአወቅ፦ ስማ ወንድም፣ እኔ ቀለም የቆጠርኩ ሰው ነኝ!

ዘገም፦ ስንት ሆነ?

ሁሉአወቅ፦ ምኑ?

ዘገም፦ ቀለሙ። መኪናዋ እንደሁ ጥቁር ብቻ ናት፤ ምን ያስቆጥራል?

ሁሉአወቅ፦ ዝም ብለህ ተማር! ወዲያ ወዲህ የሚል ነገር ቁም ነገር የለውም፤ ሰውም ቢሆን። ማሽን አንድ አቋም ይኑረው!

ዘገም፦ ለእኔ ግን ባለ ሁለቱ ገብቶኛል። በአንዱ ጭረቱን ያወጣል፣ በሌላው ይመልሳል።

ሁሉአወቅ፦ ለምን ብሎ ይመልሳል?

ዘገም፦ የሰው ንብረት አይደለም እንዴ?

ባለሱቁ፦ (ሳቁን እየዋጠ) ስፖንጁስ የቱ ይሁን? ጠንካራው ጭረቱን ይቆርጣል፣ ለስላሳው ያወዛል።

ዘገም፦ ሲቆረጥ ሁለት ጭረት አይሆንብንም?

ሁሉአወቅ፦ ጠንካራውን ስጠኝ! የዚህን ልጅ አፍም የሚቆርጥ ካለ ጨምርበት!

ባለሱቁ፦ ሲጨርሱ ደግሞ ሰም ይቀባሉ።

ዘገም፦ ወርቁስ?

ሁሉአወቅ፦ ወርቁን አስር ሰዓት ላይ አባትህ ይነግሩኛል! በል ባለ አንዱን አምጣ። ዞሮ ዞሮ ማሽን ነው።

ዘገም፦ እንግዲያ ባለ ሁለቱን ነው የፈለግከው።

ሁሉአወቅ፦ ማን አለ?

ዘገም፦ አንተ። ባለ አንዱ "ዞሮ" ብቻ ነው። "ዞሮ ዞሮ" ባለ ሁለቱ ነው።

ባለሱቁ፦ እውነቱን ነው።

ሁሉአወቅ፦ ኧረ እናንተ ሰዎች ራሴን አዞራችሁት!

ዘገም፦ በየትኛው?

(ሁሉአወቅ ባለ አንዱን ነጥቆ ይወጣል። ባለሱቁ "ይተዉ ጌታዬ፣ ያ ለለመደ እጅ ነው!" እያለ ገመዱን ይዞ ይከተላል። ማሽኑ ሲነሳ ሁሉአወቅም አብሮ ይነሳል፤ ማን ማንን እንደያዘ መለየት ያስቸግራል።)

ሁሉአወቅ፦ (እየተንቀጠቀጠ) አ-አ-አየህ ኃይል? አ-አየህ አቋም?

ዘገም፦ ጋሼ፣ ወዲያ ወዲህ እያልክ ነው።

ሁሉአወቅ፦ እ-እኔ ነኝ እንጂ ማሽኑ መች አለ!

ዘገም፦ እንዲህ በለኛ! ባለ ሁለቱ ለካ አንተ ነህ።

(ከኮፈኑ ላይ አንድ ነገር ጫፉ ተልጦ ይነሳና ማሽኑ ላይ ይጠመጠማል። ሁሉአወቅ ማሽኑን አጥፍቶ አስፋልቱ ላይ ዘጭ ይላል።)

ሁሉአወቅ፦ ጉድ ፈላ! ቀለሙን ገፈፍኩት! በቃ፣ አለቀልኝ! ለእህትህ ደህና ሁኚ በልልኝ። አባትህንማ... ምንም አትበላቸው፣ በዚያው ጠፋ በላቸው!

ዘገም፦ (ልጣጩን አንስቶ ዓይኑ ላይ እያደረገ) ጋሼ፣ ትታየኛለህ።

ሁሉአወቅ፦ በቀለም ውስጥ እንዴት እታይሃለሁ?

ዘገም፦ ቀለም ማን አለህ? ላስቲክ ነው።

ባለሱቁ፦ (ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብሎ) ወይ ጉድ! የቀለም መከላከያ ላስቲክ! ጭረቱ በሙሉ እሱ ላይ ነው ያለው። ከስር ያለው ቀለም መስታወት ነው፣ ፊትዎን ይዩበት!

ሁሉአወቅ፦ (ኮፈኑን በሁለት ጉንጩ እየሳመ) ተወለድኩ! ዛሬ ተወለድኩ! (ድንገት ቀና ብሎ) አንተ! ላስቲክ እንዳለ ታውቅ ነበር?

ዘገም፦ ሲለጠፍ አንዱን ጫፍ ይዤ ነበር።

ሁሉአወቅ፦ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

ዘገም፦ አንተ ቀለሙን ጫርኩት አልክ። የተማረ ሰው እንዲህ ካለ ላስቲኩን አልፎ ቢጭር ነው ብዬ ነዋ።

ሁሉአወቅ፦ ይሁን፣ ይሁን፣ ምሬሃለሁ! አባትህ ግን ምን ያሉ አርቆ አሳቢ ሰው ናቸው! ስድስት ዓመት ሙሉ ላስቲክ አልብሰው ነው የሚነዷት?

ዘገም፦ ኧረ ስድስቱንም ዓመት ራቁቷን ነበረች። ያለበሷት ባለፈው ሐሙስ ነው።

ሁሉአወቅ፦ ሐሙስ? ሐሙስ ምን አዩ?

ዘገም፦ ምንም አላዩም። ላንተ ለማዋስ እሺ ያሉት ሐሙስ ነዋ።