የጋሼ መክብብ ጎዝለሜ

"ማዶ ማዶ እያየሁ፣ ቀኑ መሸብኝ…" ይላሉ ጋሼ መክብብ በአፍንጫቸው። ቀጣዩ ስንኝ ጠፍቷቸዋል፤ "እምምም…" ብለው ይሞሉታል። እኔ ደግሞ ዜማ ከሰማሁ የጎደለ ቃል አይታየኝም።

ሐበሻ በሰፈረበት ከተማ ሁሉ አንድ የጾም አጣሪ አይጠፋም። ማንም አልሾመውም፤ ግን እሱ ሳያይልህ የገዛኸው ብስኩት አይዋጥልህም። የእኛው የሜልበርን ምዕራብ ሊቀ አጣሪ ክቡር ጋሼ መክብብ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ከትሩጋኒና በባስ ተነስተው፣ ሆፐርስ ክሮሲንግ መኪና ማቆሚያው ላይ የሚተከለው ገበያ ይመጣሉ። ቆመው የሚፈርዱበት መንበራቸው ከቱርኳ ከኔርሚን ድንኳን አጠገብ ነው።

ኔርሚን ጎዝለሜ ትሠራለች። ሊጡን በቀጭን ዱላ እንደ ነጠላ እስኪሳሳ ትዳምጠዋለች፤ ስፒናች ወይ ድንች ሞልታ፣ አጥፋ፣ ጎባጣ ብረት ላይ ታገላብጠዋለች። ጋሼ "እትዬ ኔርሚን" ይሏታል፤ እሷም ለምዳዋለች።

በመጀመሪያው ዓመት ለታ የሚባል ተማሪ አይብ የሌለበትን አዝዞ አንዴ እንደገመጠ፣ ጋሼ ሊጡ ውስጥ እርጎ መኖሩን ደረሱበት።

"ለታ! እንዳትውጠው!"

ገበያው ቀጥ አለ። ለታ ከድንጋጤው የተነሳ ዋጠው።

ኔርሚን በሳምንቱ በውሃና በዘይት ብቻ የታሸ ሌላ ሊጥ ይዛ መጣች። ጋሼ አዩት፣ አሸተቱት። "ቢላውስ? ይሄ አይብ የነካ አይደለም?" አረንጓዴ እጀታ ያለው አዲስ ቢላ ገዛች። "ይቻላል!" ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ ከያራቪል ሳይቀር ሰው እየጎተቱ ያመጣሉ።

"የድንቹ ይሻልሃል። ሎሚ አብዛበት። በትኩሱ!"

"እርስዎስ ጋሼ?"

"የኔ ይቆየኝ።"

በቅርቡ አንድ ዓርብ ኔርሚን ወደ ድንኳኗ ጠራችኝ። ዓይኗን ከብረቱ አላነሳችም።

"ስድስት ዓመት ሙሉ ለጋሼ ብዬ ሁለት ሊጥ አሻለሁ። አንድ ቀን ከእጄ በልተው አያውቁም። እጄን ይጸየፉታል? እንደዚያ ከሆነ ሁለተኛውን ሊጥ ልተወው።"

ጋሼን ባስ ማቆሚያው ላይ ደረስኩባቸው።

"በስመ አብ!" አሉ። "እኔ እኮ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። እነሱ ስምንት ሰዓት ላይ ድንኳን ያፈርሳሉ።"

"ታዲያ ቀምሰውት አያውቁም?"

"በየትኛው ሰዓት?"

"የድንቹ ይሻላል የሚሉትስ?"

"ሽታው ይነግረኛል።"

"ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳው ቀንስ? ያኔ ጾም የለም።"

"ያኔ ምን ላጣራ ልመጣ?"

"ጋሼ፣ ከፍቷታል እኮ። ለምን አልነገሯትም?"

"ሰው ጾሙን ገበያ ላይ ያውጃል እንዴ?" አሉኝ፤ የለታን ጾም ለገበያው ሁሉ ያወጁት ጋሼ መክብብ። ባሱ መጣ። ሳይሳፈሩ አለፈ።

ለኔርሚን ነገርኳት። ሳቅ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን እጇን በሽርጧ ጠረገች።

በቀጣዩ ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ድንኳኖቹ አንድ በአንድ ወደቁ። በባዶው ሜዳ ላይ፣ በዚያ የምዕራብ ንፋስ ውስጥ፣ የሷ ብቻ ቆሞ ቀረ።

"እትዬ ኔርሚን፣ ምነው? መኪናሽ አልነሳ አለ?"

"ዘጠኝ ሰዓት እየጠበቅሁ ነው።"

ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሦስታችንም ቆመን ብረቱን አየን።

ዘጠኝ ሲሆን ኔርሚን ሳህኑን አስቀመጠች።

"እርጎ?" አሉ፤ አመል ነው።

"የለውም።"

"ቢላውስ?"

"የእርስዎው ነው።"

የፕላስቲክ ወንበር አቀረብኩላቸው። በስድስት ዓመት ውስጥ እዚያ ገበያ ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም። ተቀመጡ፤ አማተቡ፤ ሎሚውን ጨመቁ፤ ገመጡ። ኔርሚን ክንዷን አጣምራ ጠበቀች። ከጉሮሯቸው ያ ዜማ ተነሳ፤ የጠፋችው ስንኝ ብልጭ ያለችላቸው ይመስል ቅንድባቸው ከፍ አለ። ግን አፋቸው ሙሉ ነበር። ስንኟ ትቆያቸው።