አንድ እግር ሲፊንጃ

[ካርቱም፤ ከጀብራ ወደ ጀሪፍ በሚወስደው መንገድ። ሙሄዲን በሹፌርነት የተቀጠረበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ቀጣሪው ሂሻም፣ ሙሄዲን «ሙዲሩ» የሚለው አለቃ፣ ጀሪፍ እህቱ ቤት ሆኖ መኪናውን ይጠብቃል። የሂሻም የቤት ሠራተኛ ሀጀራ መንገድ ልታሳይ ከጎኑ ተቀምጣለች። ሥራውን ያፈላለገችለትም፣ ዳሚን ሆና ዋስ የቆመችለትም እሷው ናት፤ መኪናው ከተጫረ የሁለቱም እንጀራ ተጫረ ማለት ነው። ሙሄዲን ሲፊንጃውን፣ ያቺን የላስቲክ ነጠላ ጫማ፣ አውልቆ በባዶ እግሩ ይነዳል። ሀጀራን ይሄ አልተዋጠላትም።]

ሀጀራ፦ ሰው ባዶ እግሩን መኪና ሲነዳ ዛሬ ገና ማየቴ ነው።

ሙሄዲን፦ ምንጣፉን አታዪም? በእንዲህ ያለ ምንጣፍ ላይ በሲፊንጃ አይረገጥም። ሙዲሩ ራሱ ትናንት መኪናውን ነድቼ ሳሳየው ያለ ጫማ ነው የገባው። ለአዋቂ ሰው አይነገርም፣ አይቶ ይገባዋል።

ሀጀራ፦ ታዲያ ሲፊንጃህ የት ነው?

ሙሄዲን፦ እግሬ ሥር።

ሀጀራ፦ ወዲህ በለው፣ እኔ ልያዝልህ።

ሙሄዲን፦ የሹፌር ጫማ ከሹፌር አይርቅም። ወላሂ፣ አሥራ አምስት ዓመት ነድቼ አንቺ ልታስተምሪኝ? አንቺ መጥረጊያሽን፣ እኔ መሪዬን።

[ሀጀራ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። አስፋልቱ ጭር ሲል ሙሄዲን ችሎታውን ሊያሳያት ነዳጁን ረገጠው። እግሩን ሲያነሳ ፔዳሉ አብሮት አልተነሳም።]

ሀጀራ፦ ምነው ፈጠንክ?

ሙሄዲን፦ እኔ አይደለሁም፣ መኪናው ነው።

ሀጀራ፦ እንግዲያው ቀስ በል በለዋ።

ሙሄዲን፦ እግሬን አንስቻለሁ እኮ። ያረቢ፣ ፔዳሉ እንደወረደ ቀረ።

ሀጀራ፦ ሙሄ፣ እግርህ ሥር የሚታየኝ አንድ እግር ሲፊንጃ ብቻ ነው። ሌላውስ?

ሙሄዲን፦ ነፍሳችን አፍንጫችን ላይ ደርሳ ስለ ጫማ ታወሪያለሽ? ይሄ የኮምፒውተር በሽታ ነው። አዲስ መኪና የካርቱም ሙቀት ሲመታው አእምሮውን ይስታል።

ሀጀራ፦ ኮምፒውተሩ የት ነው ያለው?

ሙሄዲን፦ ውስጥ ነዋ።

ሀጀራ፦ ጫማውስ?

[አንድ ባለ ሦስት ጎማ ሪክሻ ዳር ያዘላቸው። ሐብሐብ ሻጩ ሐብሐቡንም ጃንጥላውንም ትቶ ሸሸ። ሀጀራ ፈርታለች፤ ፍርሃቷን ግን ለሙሄዲን አላሳየችውም፣ የእሱ ለሁለት ይበቃ ነበር።]

ሙሄዲን፦ ቁልፉን ልነቅለው ነው።

ሀጀራ፦ እየሄደ አትንቀል። መሪው ይቆለፍብሃል። ፍሬኑን ርገጥ።

ሙሄዲን፦ እየረገጥኩ እየለቀቅኩ ነው።

ሀጀራ፦ መልቀቁን ተወው። በኃይል ርገጥና እዚያው ያዘው። አሁን ማርሹን ዜሮ ላይ አድርግ።

ሙሄዲን፦ ሞተሩ ይጮሃል።

ሀጀራ፦ ይጩህ። አንተም ከጀብራ ጀምረህ እየጮህክ ነው፣ የሞተ ሰው የለም።

ሙሄዲን፦ ቆይ፣ ጎንበስ ብዬ ፔዳሉን ልየው።

ሀጀራ፦ ዓይንህን ከመንገዱ ካነሳህ እኔም ዋስትናዬን አነሳለሁ።

[ዋስትናው ከሞት በላይ አስፈራው። ማርሹን ዜሮ ላይ አደረገ። ሞተሩ እንደ ወፍጮ ጮኸ፤ መኪናው ግን አቅም አጥቶ ዳር ያዘና ለመንገደኛ ከተቀመጡት የውሃ ጋኖች አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሀጀራ «አሁን አጥፋው» አለችው። ከዚያ ወርዳ በእሱ በኩል ዞረች፤ ጎንበስ ብላ ፔዳሉ ላይ የተሰነቀረ ነገር ጎትታ አወጣች።]

ሀጀራ፦ ኮምፒውተሩ ይኸውልህ። አርባ ሦስት ቁጥር ነው።

ሙሄዲን፦ [ላቡን እየጠረገ] አንቺ መንዳት የት ተማርሽ?

ሀጀራ፦ የሂሻም ሚስት መንዳት ስትማር ልጁን ታቅፌ ከኋላ እቀመጥ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ አስተማሪው ይሄንኑ ሲጮህባት ከረመ። እሷ ፈርታ ተወችው፣ ትምህርቱ እኔ ጋ ቀረ።

ሙሄዲን፦ እሺ እታለም፣ አደራሽን ለሙዲሩ እንዳትነግሪው። ግን ከእንግዲህ ጫማ አድርጌ ብገባ ቅር አይለውም? እሱ ራሱ አውልቆ በሚገባበት መኪና?

ሀጀራ፦ ሙሄ፣ ይሄ ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ ራሱ ሲነዳ ኖሮ ዛሬ ሹፌር የቀጠረው ለምን ይመስልሃል?

ሙሄዲን፦ ትልቅ ሰው ስለሆነ ነዋ።

ሀጀራ፦ ሁለቱም እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎት ነው። ያላ፣ ጫማህን አድርግ።