አውሮፕላን የዋጠችው ልጄ

ለማንም በማይታይ ነገር ላይ የሚደክም ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የኮቱን ገበር ከውጪው ጨርቅ አስበልጦ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ፣ የመሳቢያውን ታችኛ ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ የሚውል አናጢ፤ እንዲህ ያሉትን ማለቴ ነው። እኔን አጋጥሞኛል። ጠዋት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ መስታወት ውስጥ አየዋለሁ።

የማስተምረው የቴክኒክ ሥዕል ነው። ያደግሁት ደብረ ዘይት፣ ጄት በጣሪያችን ላይ ባለፈ ቁጥር ወሬ በሚቋረጥበት ቤት ነው። ወረታ ያመጣኝ የሥራ ዝውውር ሲሆን ያስቀረችኝ ግን ሰብለ ናት፤ የይፋግ ልጅ፣ ባለቤቴ። ቅዳሜ ከሰዓት ሌላው ወንድ የአውሮፓ ኳስ ሊያይ ሲወጣ እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ከስንዝር ብዙም የማትበልጥ ተዋጊ አውሮፕላን እሠራለሁ። እሠራለሁ ስል በካርቶን የመጣ ፕላስቲክ መገጣጠም ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፋብሪካው የአብራሪውን ክፍል በአንድ ጠፍጣፋ ወንበርና በአንድ ተለጣፊ ሥዕል ተገላግሎታል። ይህን አይቶ የሚያልፍ ሰው ይኖራል፤ እኔ ግን አልችልም። የወንበሩን ቀበቶ ከሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ቆረጥኩ። ዘለበቱን ከቀጭን ሽቦ አጠፍኩ። የኤሌክትሪክ መስመሩን፣ ማሳ ሲያጠጣ ተቃጥሎ ከተጣለ የውኃ ፓምፕ በፈታሁት የመዳብ ክር ዘረጋሁ።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? የመስታወት ክዳኑ ይለጠፍበታል። ከዚያ ወዲያ ውስጡን የሚያይ የለም።

ሰብለ ይህን የሰማች ዕለት አየት አደረገችኝና፣ «ታዲያ ለማን ነው?» አለች። ወደ ወረንጦዬ ተመለስኩ።

እና ይህ ጉድ በመጣባት ቅዳሜ የቀረችኝ አንዲት ነገር ነበረች፤ መሪዋ። አብራሪው በጉልበቶቹ መካከል የሚጨብጣት ዘንግ ማለት ነው። ከእስፒል ቆርጬ፣ ጫፏን በሙጫ ጠብታ አሳብጬ፣ ጥቁር ቀብቼ ጨርሻታለሁ። ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች። በወረንጦ አንስቼ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ወደ ቦታዋ ሳስጠጋት... ጢን!

ወረንጦ ይዞ የሚሠራ ሁሉ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ዕቃው ከዚህ ዓለም ተሰናበተ ማለት ነው። የስልኬን መብራት አብርቼ፣ በአራት እግሬ ጠረጴዛው ሥር ስገባ፣ ቀድማኝ የተቀመጠች ሰው አገኘሁ። ሁለት ዓመቷን ገና የያዘችው ልጃችን ማሂ ናት። ታላምጣለች።

«ማሂ፣ አፍሽ ውስጥ ምንድን ነው?»

ዋጠች። ከዚያ አፏን ከፍታ አሳየችኝ፤ ባዶ ነው።

«ምን በላሽ የኔ እናት?»

«አውፕላን» አለች በኩራት።

በሰያፍ የተቆረጠ እስፒል ምን ያህል እንደሚወጋ የጣቶቼ ጫፎች ይመሰክራሉ። ያ ነገር በዚያች ትንሽ ጉሮሮ ሲወርድ ታየኝ። ሰብለን ስጠራት የወጣውን ድምፅ ራሴም አላወቅኩት።

ሰብለ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷን አንስታ ወጣች፤ እኔ ከኋላ። ጎረቤታችን ሐጂ ኑሩ፣ ያቺን እስፒል የሸጡልኝ ባለሱቅ፣ ነገሩን ገና ሳንጨርስላቸው ሱቃቸውን ክፍቱን ትተው ፒካፓቸውን አስነሡ። ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል በረርን። የፎገራ ሜዳ በዚያ ሰሞን ሩዙ ለምልሞ ለዓይን ያሳሳ ነበር አሉ፤ እኔ ያየሁት የልጄን አፍ ብቻ ነው።

ኬላው ላይ አንድ ጠባቂ አስቆመን።

«ልጅቷ ምን ሆና ነው?»

እኔ ደግሞ ስደነግጥ እውነቱን በዝርዝር የመናገር በሽታ አለብኝ። «የተዋጊ አውሮፕላን መሪ ውጣ» አልኩት።

የጠባቂው ፊት ተለወጠ። «የምን?»

«እስፒል ነው ልጄ፣ እስፒል!» አሉ ሐጂ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው። «አባትየው ደንግጦ ነው የሚቀባጥር። በሞቴ አሳልፈን!»

ገመዱ ወረደ። ሰብለ ከቤት ከወጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። «ሁለተኛ አፍህን እንዳትከፍት።»

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅላ ጠጋ ብላ አየችው። እኔም አየሁት፤ የማሂ ደረት አካባቢ ነጭ ነገር አለ፤ ረጅም፣ ወፍራም።

«ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ነው ያላችሁኝ?»

አፌን እንዳልከፍት ስለታዘዝኩ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ይሄ እኮ መርፌ ቁልፍ ነው። ያውም የተቆለፈ።»

ሰብለ የማሂን ካናቴራ ገለበጠች። ለካ የሰብለ እናት ሰሞኑን ሊጠይቁን መጥተው ሳለ፣ ከሰው ዓይን ይጠብቃት ብለው ለማንም ሳይናገሩ በውስጥ በኩል ሰክተውባታል። ተነቀለ። ራጁ እንደገና ተነሣ።

«ንጹሕ ነው» አለች ሐኪሟ።

«ንጹሕ ማለት?»

«ምንም የለም። ብረት ቢኖር ነጭ ሆኖ ይታየን ነበር።»

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ሰብለ «ተመስገን» አለች። እኔ ሁለቱንም አልኩ። ከዚያ ሰብለ ሳቀች፤ ስትስቅ እንባዋ ይወርዳል፤ ማሂ የእናቷን እንባ በመዳፏ እየጠረገች ታጨበጭባለች። በልጅቷ ኪስ ውስጥ ጭብጥ ጥሬ ሩዝ ተገኘ።

«ይሄ ምንድን ነው ማሂ?»

«አውፕላን።»

ያን ሰሞን ለካ ሁሉም ነገር አውሮፕላን ኖሯል። ውሻውም፣ ጫማዬም። ወደ ቤት ስንመለስ ሐጂንም ጠቁማ «አውፕላን» አለቻቸው፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸው መሪያቸውን አጥብቀው ያዙ።

እንደገባን ሰብለ አላረፈችም። «እሷ ካልዋጠችው እዚሁ ቤት ነው ያለ» ብላ፣ ከተሰበረ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ማግኔቱን ነቅላ ወለሉን ታስስ ጀመር። ከምንጣፉ ጠርዝ ሥር አገኘችው። ወደ ሽንት ቤት ትጥለዋለች ብዬ ተዘጋጅቻለሁ፤ ቢጣል አልከራከርም ነበር።

«የት ነው የሚገባው?» አለች።

አጉሊ መነጽሩን ሰጠኋትና ወደ አውሮፕላኗ አጎነበሰች። ቆየች።

«እንዴ! ቀበቶ አለው! ዘለበቱ ይቆለፋል?»

«አይቆለፍም። የሚቆለፍ ግን ይመስላል።»

«እና ይሄን ልትዘጋው ነው?» አለች ቀና ብላ፤ ያን ሁሉ ሰዓት የዋጠችው ቁጣ አሁን ነው የወጣው። «ኧረ አትዘጋትም!»

ስለዚህ ክዳኗ ተከፍቶ ቀረ። ማሂ እንዳትደርስባት ግን ሰብለ አውሮፕላኗን ከቁም ሳጥኑ በላይ በክር ከጣሪያው አንጠለጠለቻት። እንግዳ ሲመጣ ወደ ላይ እየጠቆመች፣ «ውስጧን ብታዩት!» ትላለች። እንግዳውም አንገቱን ቀና አድርጎ ያያል፤ ያደንቃልም። ከወለል ሆኖ የሚታየው የአውሮፕላኗ ሆድ ብቻ ነው።

ሆዷ ላይ ደግሞ ምንም አልሠራሁም።