ክቡር አይሆንም

በየሰፈሩ አንድ እምቢተኛ ባለሙያ አይጠፋም። ለምናችሁ ታመጡታላችሁ፤ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያያል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ መሰላሉን ሳይዘረጋ ይሄዳል። የእኛ ሰፈሩ የገዛ ታናሽ ወንድሜ ነው።

ክቡርነታቸው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። ከፋብሪካ ወጥተው በግላቸው መሥራት ከጀመሩ አራት ወር ሆናቸው። የወጡትም አለቃቸው ኤሌክትሪኩ ሳይጠፋ ሽቦ እንዲነኩ እያዘዘ ስላስቸገራቸው ነው። «የራሴ ጌታ ስሆን አይሆንም እላለሁ» ብለው ነበር። ቃላቸውን አክባሪ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ሲሉ አልሰማኋቸውም።

የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ ባንዱ ሽቦ ላይ ሁለተኛ ምድጃ እንዲቀጥልላት ለመነችው። «ለዛሬ ብቻ አድርግልኝ፤ የነገን እግዜር ያውቃል።»

«እሱስ ያውቃል እትዬ፤ ሽቦው ነው የማይችለው» አላት።

እምቢታው ሳያንስ የቤቱን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረውን የብሬከር ሳጥን ክዳን ከፍቶ፣ በማርከር «ይህን መስመር አልነካሁም» ብሎ ከነቀኑ ይጽፋል። ሌላው ባለሙያ የሠራውን ያስተዋውቃል፣ የእኔ ወንድም ያልሠራውን። የልብስ ሰፊው ሳጥን ላይ አለ፣ የፀጉር አስተካካዩም ላይ አለ። ስልኩ ቀስ በቀስ መጥራት አቆመ።

«እሺ ይበልጣል ከሺህ፣ ልጄ» አለችው እናታችን።

«እሺ ብዬ የሰው ቤት ባቃጥልስ፣ እማዬ?»

እኔም ተስፋ ቆረጥኩ። ደንበኛ አድርጌ ያመጣሁለት ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ሲያየኝ ፊቱን ያዞር ጀመር።

ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። የውኃ ማሞቂያ ገዛሁና ጠራሁት። «ወንድም ጋሼ፣ ይኼ ለአምፖል የተዘረጋ ሽቦ ነው። ካልተቀየረ አይሆንም» አለኝ።

«እኔ እኮ ወንድምህ ነኝ።»

«ለዚያ ነው» ብሎ ማርከሩን አወጣ።

ተናድጄ ሌላ ሰው አመጣሁ። አቶ «ምን ችግር አለው» እያፏጨ በግማሽ ሰዓት ቀጥሎልኝ ሄደ።

ይኸው ሁለት ወር ሆነ፤ ማሞቂያው አንድ ቀንም አልበራም። እጄ ማብሪያው ጋ ሲደርስ ያ ጽሑፍ ትዝ ይለኛል። ልጆቼ በቀዝቃዛ ውኃ እየተንዘፈዘፉ ይታጠባሉ፤ እኔም ለጤና ጥሩ ነው እላቸዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ሰኞ ወደ ፋብሪካው እንደሚመለስ ነገረኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። «መጀመሪያ ና ማሞቂያውን ንቀልልኝ» አልኩት።

«እሺ» አለ። ከአራት ወር በኋላ የሰማኋት የመጀመሪያዋ እሺ ናት።

ቅዳሜ መጣ። ኤሌክትሪኩን አጠፋ፣ ፈተሸ፣ ደግሞ ፈተሸ። ማን እንደቀጠለው አልጠየቀኝም። እስኪጨርስ የሳጥኑን ክዳን ሳይ፣ ከጽሑፉ ሥር እስከዛሬ ያላነበብኳት ደቃቅ መስመር አለች፦ «ልጆች ያሉበት ቤት ነው፤ እባካችሁ።»

«እዚያ ፋብሪካስ እንደዚህ ትጽፋለህ?» አልኩት።

«እዚያ የታዘዝኩትን ነው የምነካው፣ ወንድም ጋሼ» አለና ቦርሳውን አነሳ።

በሩ ላይ ቆምኩበት። «አይሆንም» አልኩት።

ፋብሪካ ካልተመለሰ ምን እንደሚበላ አላውቅም፤ እሱም አያውቅም። ቦርሳውን ግን መሬት አስቀምጦ ተቀመጠበት።