የድርቆሹ መረብ ስንት ዙር ይበቃዋል?

«አንድ ዙር ይበቃዋል!» ይላል አባዬ።

«አንድ ዙር ለሻሽ ነው እንጂ ለድርቆሽ አይሆንም!» ይላል አያ ካሳው። «ሦስት ዙር ካልዞረ አልነካውም!»

ይህ እንግዲህ ጧት የተጀመረ ጠብ ነው። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጥታለች፤ እነሱ ገና እዚያው ዙር ላይ ናቸው። እኔ መሐላቸው ቆሜ የመረቡን ጫፍ ይዣለሁ። ልልቀቀው ወይስ ልያዘው? የነገረኝ የለም። መጠየቅ ደግሞ እፈራለሁ። እናንተስ ብትሆኑ ማጭድ የያዙ ሁለት ሰዎች መሐል ገብታችሁ «ይቅርታ፣ ይህን ጫፍ የት ላድርገው?» ትላላችሁ?

ቆይ፣ መጀመሪያ ማንነታቸውን ልንገራችሁ። አያ ካሳው ጎረቤታችን ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? ግን ከጎረቤትነቱ ይልቅ መቀናጆነቱ ይበልጣል። እኛ አንድ በሬ አለን፤ ዳለቻ ይባላል። እሱም አንድ በሬ አለው፤ ቦራ ይባላል። ለየብቻ ሁለቱም ሥራ ፈት ናቸው። አንድ ቀንበር ሥር ሲገቡ ግን ሁለት ቤት ያበላሉ። ቀበሌው አባወራዎቹን አንድ ለአምስት አደራጅቷቸዋል። በሬዎቹ ግን ማንም ሳይሰበስባቸው ድሮውንም አንድ ለአንድ ተደራጅተው ነበር።

ስለዚህ ድርቆሹ ከተበላሸ በሬዎቹ ይከሳሉ። የከሳ በሬ ሰኔ ሲገባ አያርስም። ከሁለቱ አንዱ ከወደቀ ደግሞ የቀረው እንደ ሠንጋ ቢሰባ ምን ያደርጋል? ለዚህ ነው እነሱ ስለ መረብ ሲጣሉ መቀመጥ የሚያቅተኝ። እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ሳይጠማኝ ውኃ እጠጣለሁ።

ለመሆኑ መረቡ ከየት መጣ? አንድ ቀን የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ፎቶ ይዞ መጣ። ፎቶው ላይ ሰፊ ሜዳ አለ። ሜዳው ላይ እንደ ከበሮ የተጠቀለለ ድርቆሽ ተኮልኩሏል፤ ላዩ በመረብ ተሸፍኗል። ማሽን ነው የጠቀለለው አለን። ማሽኑስ? ማሽኑማ አልመጣም፤ የመጣው ፎቶው ነው። አያ ካሳው ፎቶውን አገላብጦ አየና፣ ለዚህ ለዚህ እኛስ ምን እጅ አነሰን አለ። መረቡን እንደ ሰሌን ማንጠፍ፣ ሣሩን መደልደል፣ ከዚያ እየረገጡ መጠቅለል። አለቀ።

እማዬ ብቻ፣ «ክምሩ ምን በደላችሁ?» አለች። 

ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ወረድን። ከኮን የመጣ ነጋዴ ከትልቅ እርሻ የተረፈ የመረብ ጥቅልል ዘርግቷል። ሁለት ዓይነት ነው፤ አረንጓዴና ነጭ። አባዬ አረንጓዴውን በሁለት እጁ ወጠረና ቀዳዳው ሲሰፋ ራሱን ነቀነቀ። አያ ካሳው ግን ክሩን አፉ ውስጥ ከተተው። በፊት ጥርሱ ነከሰው፣ በጎን ጥርሱ ነከሰው። አረንጓዴው ተበጠሰ። ነጩ አልበጠስ አለ። «በጥርስ የማይበጠስ! መረብ ማለት ይሄ ነው!» ብሎ ነጩን አስጠቀለለ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

የመጀመሪያውን ጥቅል የሠራን ቀን ደግሞ ሌላ ጉድ። የፎቶው አገር ሜዳ ነው ብያችኋለሁ። የእኛ አገር ላስታ ነው። ላስታ ላይ ክብ ነገር አስቀምጦ ዞር የሚል ሰው አለ? እኛ አለን። ጥቅሉ ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቀስ ማለቱን ተወው። ቁልቁል ወደ ነአኩቶ ለአብ መንገድ ሲወርድ ተሳላሚዎቹ ግራና ቀኝ ተከፈሉለት። አንዲት ባልቴት፣ ካለፈ በኋላም ቢሆን፣ አማተቡበት። ያን ጥቅል ገደል በላው። ከዚያ ወዲህ ከየጥቅሉ ሥር ድንጋይ እንሸጉጣለን።

እሺ፣ ወደ ጠቡ ልመለስ። አባዬ የሚለው፣ ድርቆሽ መተንፈስ አለበት፤ ካልተነፈሰ ይሻግታል፤ ደግሞም በብር የተገዛ መረብ እንደ ውኃ አይፈስም። አያ ካሳው የሚለው፣ በአንድ ዙር የገባ ዝናብ በስንት ዙር ሊወጣ ነው? አባዬ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የአያ ካሳውን የሚያፈስ ጎጆ አነሳ። መጀመሪያ የራስህን ክዳን ሦስት ዙር አዙረው አለው።

አያ ካሳው ማጭዱን መሬት ላይ ሰካ።

«በቃ፣ በሬዬን እፈታለሁ!»

እማዬ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እዚህ አገር ሰው ሚስቴን እፈታለሁ ቢል እንኳ ይህን ያህል አይደነገጥም።

እግዜር ሲያደርገው የሁለቱም የንስሐ አባት በዚያ ሲያልፉ ጩኸቱን ሰሙ። መቋሚያቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ድርቆሹን እኩል እንዲካፈሉ፣ አባዬም አንድ ዙር፣ አያ ካሳውም ሦስት ዙር እንዲያዞር አዘዙ። ፈራጁ ዝናብ ነው ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ዝናቡም አላስጠበቀም። ኅዳር ላይ፣ ማንም ሳይጠራው መጣ። የአባዬ ጥቅሎች ሆዳቸው ተዘረገፈ። ውስጣቸው ጠቆረ፣ ሸተተ። የአያ ካሳውን ድርቆሽ ግን ስትነኩት ይንኮሻኮሻል። አባዬ ይሸነፋል? እንዲህ ያለውን ጠረን በሬ ይወደዋል አለን። ዳለቻ አሸተተና ፊቱን አዞረ። በሬ ይሉኝታ የለውም።

በጋው እየገፋ ሲሄድ የዳለቻ ጎድን ከሩቅ ይታይ ጀመር። አያ ካሳው በአጥራችን ሲያልፍ ቆም ይላል።

«ዳለቻ እንዴት ነው?»

«ይመስገን» ይላል አባዬ።

በቃ፣ ይኸው ነው። አባዬ የሚለምንበት አፍ የለውም፤ አያ ካሳው ካልለመኑት የሚሰጥበት እጅ የለውም። ኩራቱ እራቱ ይባላል። ለሰው ይሁን፤ በሬ ግን ኩራት ያመነዥካል? እኔ ከደጅ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ደጅ እላለሁ። ሄጄ ለአያ ካሳው ልንገረው እልና አጥሩ ጋ ስደርስ እመለሳለሁ።

አንድ ጧት አያ ካሳው ራሱ፣ አባዬን በስሙ እየጠራ፣ አጥሩን ዘሎ መጣ።

«ሞላ! ቦራ አላመነዥክ አለ!»

ሮጥን። ቦራ አንገቱን ዘርግቶ ቆሟል። ለሃጩ ይዝረበረባል። በአፉ ጥግ ነጭ ክር ተንጠልጥሏል። ለካ አያ ካሳው መረቡን ለመቁረጥ ሳስቶ ኖሯል። ለከርሞ ይሆናል ብሎ ጥቅሉን ከነመረቡ ለቦራ ሰጥቶታል፤ ሣሩን በቀዳዳው እየመዘዘ ይብላ ብሎ። ለቦራ ይህን ያስረዳው የለም። ሣሩንም መረቡንም በላ።

በጥርስ የማይበጠስ መረብ ነዋ! ያዙልኝ ብዬ አልነበር?

አያ ካሳው ሊቆርጠው ማጭዱን አነሳ። አባዬ እጁን ቀለበው።

«ብትቆርጠው የቀረው ሆዱ ይገባል! ቀንዱን ያዝ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ጫፉን ያዢ!»

እንደገና ጫፍ! ዕጣዬ ነው መሰለኝ። አሁን ግን የምይዝበት ምክንያት አለኝ፤ አልለቀቅኩም። አባዬ ክንዱን ቦራ አፍ ውስጥ አስገባ። ክሩ መንጋጋው ላይ ተጠምጥሞ ቀርቷል። ቦራንም ያዳነው እሱ ነው፤ ባይጠመጠም ኖሮ ይሄኔ ሁሉም ወርዷል። አባዬ ከመንጋጋው አላቀቀው። ቀስ እያለ ይመጣ ጀመር፤ የታኘከ፣ የረጠበ፣ ሣር የተጣበቀበት።

«አንድ ዙር» አለ አባዬ።

አያ ካሳው ቀንዱን እንደያዘ መሬት መሬቱን ያያል።

«ሁለት ዙር።»

«ሞላ፣ በመድኃኔዓለም…»

«ዝም ብለህ ያዝ። ይኸው ሦስተኛው!»

ቦራ ሳለ፣ ራሱን አራገፈ። ሦስታችን መንጋጋውን እያየን ቆምን። ቆየ። አሁንም ቆየ። እኔ አንዴ በዚህ እግሬ አንዴ በዚያ እግሬ እቆማለሁ። በመጨረሻ መንጋጋው ወዲያና ወዲህ ማለት ሲጀምር አያ ካሳው መሬት ላይ ዘጭ አለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። አንበሳውን እንጃ፤ መቀናጆን ግን ሊፈታ ነበር።

አሁን ይታረቃሉ፣ ይሳሳማሉ ብዬ ጠበቅኩ። ምን በወጣቸው! አያ ካሳው ተነስቶ ወደ ጓሮው ገባ። አንድ ጥቅል ተሸክሞ ተመለሰና እኛ ደጅ አወረደው። መረቡን ከላይ እስከ ታች በማጭድ ተረተረው። ክር ቀርቶ እንደሆነ ሣሩን በጣቱ በረበረ። ከዚያ ዳለቻ ፊት ዘረገፈው። ዳለቻ ማሽተት እንኳ አላስፈለገውም።

አባዬ በበኩሉ ከቦራ አፍ የወጣውን መረብ አንስቶ ወደ ቤት ይዞት ገባ። እሳት ውስጥ ሊከተው ነው ብዬ ደስ አለኝ። አጠበው። አጥር ላይ አሰጣው። ሲደርቅ በሥርዓት አጣጥፎ ለአያ ካሳው ዘረጋለት።

«ለከርሞ» አለው።

አያ ካሳው ተቀበለው። የክሩን ጫፍ ወደ አፉ አስጠግቶ በጎን ጥርሱ ነከሰው። አልተበጠሰም። መረቡን ብብቱ ሥር ሸጎጠና ሄደ።